«ደረጃውን ያሟላል» ሲባል ምኑ ተፈትኖ ነው?

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፖስታ ተከፍቷል። የሚገዛው አንድ ፋየርዎል ነው። ገዢው ደሴ የሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን እኔ «ኮምፒውተር ያውቃል» ተብዬ ገምጋሚ ኮሚቴው ውስጥ የተጨመርኩ የቴክኒክ አባል ነኝ። ሦስቱም ተጫራቾች ዕቃቸው ዓለም አቀፍ የደህንነት ደረጃ እንደሚያሟላ ጽፈዋል። አንደኛው በጽሑፍ ብቻ አልረካም፤ ወርቃማ ማኅተም ያለበት ባለ ቀለም ፎቶ ኮፒ አያይዟል። ሰብሳቢያችን በግዥ ሥራ ላይ ጸጉራቸው የሸበተ የባቲ ሰው ናቸው። ፎቶ ኮፒውን በአንድ ጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ይህ ምን ይላል?»

«ደረጃውን ያሟላል ነው የሚለው።»

«እሱንማ ሻጩም ብሎኛል። ባቲ ገበያ በሬ ስገዛ ባለቤቱ የሚያወራልኝን ሰምቼ ብር አልቆጥርም፤ አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ። የዚህን ሳጥን ጥርስ ያየው ማን ነው? ምኑንስ ነው ያየው?»

መልስ አልነበረኝም። ሰነዱ ከክፍሉ ስለማይወጣ የወረቀቱን ርዕስና ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ ገልብጬ ሄድኩ። የሚከተለው ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩት ነው። እንደ እኔ ሳያስበው ኮሚቴ ውስጥ ለሚገባ ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ፎቶ ኮፒው አይኤስኦ 27001 የሚባለው ምስክር ወረቀት ነበር። ሐሰተኛ አልነበረም። የሚመሰክረው ግን ፋብሪካው የራሱን መረጃ የሚጠብቅበት የአስተዳደር ሥርዓት እንዳለው ነው፤ ስለ ሳጥኑ አንድም ቃል አይናገርም። የወፍጮ ቤቱ ወለል በየቀኑ ይጠረጋል የሚል ምስክርነት ደስ ይላል፤ ዱቄቱ ውስጥ እንክርዳድ አለ ወይስ የለም ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልስ አይሆነውም። በኋላ እንዳየሁት ይህ በጨረታ ሰነዶች ውስጥ እጅግ የተለመደ መደናገር ነው። ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም፤ አንዳንዴ ሻጩም ልዩነቱን አያውቀውም።

ፋየርዎል ምን እንደሆነ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የወረደ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ኬላ ነው። በመሥሪያ ቤቱ መረብና በኢንተርኔት መካከል ይቆምና የሚያልፈው የመረጃ ጥቅል ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው በር ሊገባ እንደፈለገ አይቶ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። የሠለጠነ ኬላ ጠባቂ ደግሞ ማስታወስ ይችላል። ጠዋት ጭኖ የወጣውን ሹፌር ማታ ባዶውን ሲመለስ ያውቀዋል፤ ሳይወጣ «እየተመለስኩ ነው» የሚለውን ግን አያምነውም። የዛሬዎቹ ፋየርዎሎችም ከውስጥ የተጀመረውን ግንኙነት ሁሉ መዝግበው ይይዛሉ። ማንም ሳይጠይቅ መልስ መስሎ የሚመጣ ጥቅል ሲደርስ ይጥሉታል።

ችግሩ ኬላው ራሱ ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ፕሮግራም አለው፣ ፕሮግራም ባለበት ስህተት አለ። አስተዳዳሪ አለው፣ አስተዳዳሪ ባለበት ሊሰረቅ የሚችል የይለፍ ቃል አለ። ጠባቂው ከተገዛ ደግሞ ኬላ ባይኖር ይሻል ነበር። ገዢው ይህን በራሱ እንዳይመረምር ሳጥኑ ቢፈታ እንኳ የሚታየው የብረት፣ የማራገቢያና የሰሌዳ ክምር ነው። ስለዚህ መንግሥታት ገና ከመጀመሪያው የጋራ ፈተናና ገለልተኛ ፈታኝ ወደማበጀት ሄዱ።

የአሜሪካ መከላከያ እ.ኤ.አ. በ1983 በሽፋኑ ቀለም «ብርቱካናማው መጽሐፍ» የተባለውን መመዘኛ አወጣ። አውሮፓውያን በ1991 የራሳቸውን አዘጋጁ፤ ካናዳም እንዲሁ። እንዲህ ሲሆን አንድ አምራች አንዱን ዕቃ በየአገሩ እያዞረ ማስፈተን ግድ ሆነበት። ይህን ለማስቀረት መመዘኛዎቹ ተዋሕደው በ1996 «ኮመን ክራይቴሪያ» የሚል ስም ይዘው ወጡ፤ በ1999 ደግሞ አይኤስኦ 15408 ተብለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኑ። ዛሬ አንድ ፋብሪካ ፋየርዎሉን ለመንግሥት መሸጥ ሲፈልግ በአብዛኛው የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

አሠራሩን ለማስረዳት ከሁሉ የሚያመቸኝ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። አምራቹ መጀመሪያ «ሴኪዩሪቲ ታርጌት» የሚባል ሰነድ ይጽፋል። ይህ ከአቤቱታ ማመልከቻ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚፈተነው ዕቃ የትኛው ሞዴል፣ የትኛው የፕሮግራም ስሪት እንደሆነና ምን ምን ማድረግ እንደሚችል በዝርዝር ይገልጻል። ከዚያ ፈቃድ የተሰጠው ነጻ ላብራቶሪ ዕቃውን ወስዶ፣ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን እየፈተነ ሪፖርት ያዘጋጃል። በመጨረሻ የአገሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን መርምሮ ምስክር ወረቀቱን ይሰጣል። የላብራቶሪውን ሒሳብ የሚከፍለው አምራቹ ነው። ይህን ስሰማ ፊቴን አጨማደድኩ፤ ተፈታኝ ለፈታኙ ሲከፍል ማን ደስ ይለዋል? የመንግሥት መርማሪ በላዩ ላይ የተቀመጠው ለዚሁ ነው።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ማመልከቻውን የሚጽፈው አምራቹ ከሆነ፣ ቀላል ቀላሉን ብቻ ጽፎ «አልፌያለሁ» ማለት ይችላል። ዕቃው አንድ መቶ ነገር ይሠራ ይሆናል፤ ሰነዱ ውስጥ የገባው አሥሩ ብቻ ከሆነ የተፈተነውም አሥሩ ብቻ ነው። ድሮ ገዢዎች ይህን ሳያዩ ቁጥር ያሳድዱ ነበር። ኮመን ክራይቴሪያ ከ1 እስከ 7 የሚደርሱ የማረጋገጫ እርከኖች አሉት፤ ሻጮችም «የእኛ 4 ነው፣ የእነሱ 2 ነው» እያሉ ይፎካከሩ ነበር። እርከኑ የሚናገረው ፈተናው ምን ያህል በጥልቀት እንደተካሄደ ነው፤ ምን እንደተፈተነ አይናገርም። ጠባብ ነገር በጥልቀት የተፈተነለት ፋየርዎል እርከን 4 ይዞ በሌላ በኩል ገላጣ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ማመልከቻውን ከአምራቹ እጅ ማውጣት ነበር። ገዢዎችና ባለሙያዎች ተሰብስበው «ፕሮቴክሽን ፕሮፋይል» የሚባል የመመዘኛ ሰነድ ለየዕቃው ዓይነት ያዘጋጃሉ፤ ማንኛውም የመረብ ዕቃ ቢያንስ እነዚህን ማሟላት አለበት ይላል። ለፋየርዎል ደግሞ በላዩ የሚደረብ ተጨማሪ ክፍል አለ። ናያፕ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ፊቱን ወደዚህ አዙሯል። ለአገሪቱ የብሔራዊ ደህንነት ሥርዓቶች የሚገዛ ዕቃ እርከኑ ስንትም ይሁን ስንት፣ የሚታየው የመመዘኛ ሰነዱን ማሟላቱ ነው። በእኔ ግምት ይህ በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ ትልቁ ማሻሻያ ነው፤ ፈተናውን ተፈታኙ ማውጣቱ ቀረ።

ሰነዱ ውስጥ ምን አለ? አሰልቺ ይሆናል ብዬ ጀመርኩት፤ ግን የኬላ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። አስተዳዳሪው ቢያንስ 15 ፊደል ያለው የይለፍ ቃል ማስገባት መቻል አለበት። ደጋግሞ የተሳሳተ ሰው ይቆለፍበታል። ማን ገባ፣ ምን ለወጠ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ይመዘገባል። አዲስ የፕሮግራም ስሪት ሲጫን የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ይመረመራል፤ ላብራቶሪው ሆን ብሎ ፋይሉን በትንሹ ያበላሽና ዕቃው እንቢ ማለቱን ያያል። በፋየርዎሉ ክፍል ደግሞ የመነሻ አድራሻው የማይሆን ጥቅል ይላክበታል። ለምሳሌ ከውጭ እየመጣ የኬላውን የራሱን አድራሻ የያዘ ጥቅል፤ ጠባቂው የገዛ መታወቂያውን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ቢያጋጥመው እንደማለት ነው። ይህ መጣልና መመዝገብ አለበት። ደንብ ያልተጻፈለት ትራፊክም እንዲሁ አያልፍም።

ከሁሉ ልቤን የያዘው ግን ሌላ ነው። ላብራቶሪው ዕቃው ሲነሳ ያየዋል። ኃይል ተቋርጦ ተመልሶ ሲመጣ ፋየርዎሉ ደንቦቹን እስኪያነብ ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል። በእነዚያ ደቂቃዎች ኬላው ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ፈታኙ ዕቃው በሚነሳበት ጊዜ ጥቅል እየላከ አንድም እንዳያልፍ ያረጋግጣል። መብራት በዓመት አንድ ጊዜ በሚጠፋበት አገር ይህ ጥቃቅን ነገር ነው። ደሴ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን የዘወትር ጉዳይ ነው።

ከኮመን ክራይቴሪያ ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ወረቀት ፊፕስ 140 የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ደረጃ ነው። ይህ ስለ ኬላው ሳይሆን በኬላው ውስጥ ስላለው የቁልፍ ሳጥን ነው። ፋየርዎል ከቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ጋር በምስጢር ሲነጋገር ወይም አስተዳዳሪው ከሩቅ ሲገባ መረጃው ይመሰጠራል። ምስጠራውን የሚሠራው የፕሮግራም ወይም የዕቃ ክፍል «የምስጠራ ሞጁል» ይባላል። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እነዚህን ሞጁሎች በጋራ ያስፈትናሉ፤ ያለፈው ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ማንም ሊያየው በሚችል ዝርዝር ላይ ይወጣል። ደረጃዎቹ አራት ናቸው። አንደኛው ስለ አካላዊ ጥበቃ ብዙም አይጠይቅም። ሁለተኛው ሳጥኑ ተከፍቶ ከነበረ ምልክት እንዲተው ይፈልጋል። ሦስተኛውና አራተኛው ለመክፈት የሚሞክረውን እስከ መከላከል ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። ሻጭ «ከፊፕስ ጋር የሚስማማ» ካለ ራሱን እያመሰገነ ነው፤ ማንም አልፈተነውም። «የተረጋገጠ» ካለ ግን ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩን ጠይቀው ዝርዝሩ ላይ ያዩታል። ቁጥሩም በራሱ አይበቃም፤ አጠገቡ ያለው ሁኔታ ይነበባል፤ በሥራ ላይ ያለ፣ ወደ ታሪክ የተዛወረ ወይም የተሰረዘ ይላል። ቀኑም ሊታይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው 140-2 እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 140-3 እየተተካ ነው፤ በወጣው የሽግግር መርሐ ግብር መሠረት የቀሩት የ140-2 ምስክር ወረቀቶች እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 2026፣ በእኛ መስከረም 11 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ወደ ታሪክ መዝገብ ይዛወራሉ። ያን ጊዜ ዕቃው በአንድ ሌሊት አይበላሽም፤ ለአዲስ ግዥ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ደግሞ ሞጁሉ የተፈተነው በተወሰነ አሠራር ላይ ሳለ ነው። ብዙዎቹ ዕቃዎች ከካርቶን ሲወጡ በዚያ አሠራር ላይ አይደሉም፤ አስተዳዳሪው ራሱ ማብራት አለበት። ሲበራ የቆዩ የምስጠራ ዘዴዎች ይዘጋሉ፤ አንዳንድ አሮጌ ኮምፒውተሮችም ከመረቡ ሊቀሩ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሠራተኛው ይጮኻል፣ አስተዳዳሪው ያጠፋዋል፣ ወረቀቱ ግን መዝገብ ቤት ውስጥ እንደ አዲስ ይቀመጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የት እንደሆነ አልናገርም።

ይህ ሁሉ ለአሜሪካ ገዢ ይሁን፣ ወሎ ውስጥ ምን ያደርግልናል የሚል አለ። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን የኮመን ክራይቴሪያን ምስክር ወረቀት እርስ በርስ ለመቀበል የተስማሙ ከሰላሳ በላይ አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያም በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በኩል አንዷ ናት። አባላቱ ሁለት ዓይነት ናቸው። ምስክር ወረቀት የሚሰጡ አሉ፤ ከነዚህ ውስጥ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ሕንድና ቱርክ ይገኙበታል። ሌሎቹ ሳይሰጡ የሚቀበሉ ናቸው፤ እኛ እዚህ ነን። ስለዚህ ደሴ ያለ ኮሚቴ ሕንድ ወይም ጀርመን የተፈተነ ዕቃ ሲቀርብለት የባዕድ ወረቀት ይዞ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተሻሻለው ስምምነት ግን ገደብ አለው፤ አገሮቹ የሚቀባበሉት በጋራ የተዘጋጁትን የመመዘኛ ሰነዶች ያሟላውን ወይም እስከ እርከን 2 ያለውን ነው። ከዚያ በላይ ያለው በዚህ ስምምነት አይታሰርም። ሻጭ እርከን 4 ብሎ ሲፎክር ይህ ይታወስ። የምስክር ወረቀቱ ዕድሜም አምስት ዓመት ነው።

ወደ ጠረጴዛችን ልመለስ። ያ ጨረታ በሌላ ምክንያት ተሰርዞ እንደገና ወጣ፤ በዚህ ጊዜ የቴክኒክ ዝርዝር መግለጫውን የመጻፍ ዕድል ደረሰኝ። የመጀመሪያው ሰነድ «ዓለም አቀፍ የደህንነት ደረጃ ያሟላ» ብቻ ይል ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር ያ ወርቃማ ማኅተም የሚገባው መልስ ነው። የምርት ስም መጥራት ደግሞ የግዥ ሕጉ አይወድም፤ የግድ ሲሆንም «ወይም ተመጣጣኝ» ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ስም ሳንጠራ እንዲህ ጻፍን፦ ተጫራቹ ያቀረበው ሞዴልና የፕሮግራም ስሪት በስም የተጠቀሰበት፣ ለመረብ ዕቃዎችና ለፋየርዎል የወጣውን የመመዘኛ ሰነድ ያሟላና ጊዜው ያላለፈ የኮመን ክራይቴሪያ ምስክር ወረቀት፤ የምስጠራ ሞጁሉ የማረጋገጫ ቁጥር፤ ዕቃው በተፈተነበት አሠራር እንዴት እንደሚዋቀር የሚገልጸው መመሪያ። ሰብሳቢው አነበቡና «ሻጮች ይቀንሱብሃል» አሉ። አልተሳሳቱም። ከቀሩት አንዱ ግን ስልክ ደውሎ «የትኛውን ስሪት ነው የምትፈልጉት?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ከሻጭ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ርክክብ የተደረገው አንድ ማለዳ ነው። ካርቶኑ ሲከፈት ከሳጥኑ ጋር በትንሽ ላስቲክ የታሸጉ ብርማ ተለጣፊዎች ወጡ። ዕቃውን የሚያወጣው ልጅ ከስፖንጁ ጋር ሊጥላቸው ሲል ያዝኩት። እነዚህ የፊፕስ ሁለተኛ ደረጃ የሚጠይቃቸው ማኅተሞች ናቸው፤ ከሞጁሉ ጋር የሚወጣው ሰነድ የትኛው በየትኛው ብሎን ላይ እንደሚለጠፍ በሥዕል ያሳያል። ሳይለጠፉ ከቀሩ ዕቃው የተፈተነው ዕቃ አይደለም። ለጠፍናቸው፤ ጣታችንን ተጣበቁብን።

ከዚያ አስነሳነውና ስሪቱን አየሁ። ምስክር ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ቁጥር 4 ነው፤ ስክሪኑ ላይ 9። ሻጩ ፈጠን ብሎ «ይሄኛው አዲስ ነው፤ የደህንነት ቀዳዳዎች ተደፍነውበታል» አለ።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «ጥርሱ የታየው በሬ ይሄ ነው ወይስ ወንድሙ?»

«ወንድሙ ነው።»

ይህ የሥራው ሁሉ አስቸጋሪ ቦታ ነው፤ ባለሙያዎችም አይስማሙበትም። ፈተና ወራት ይወስዳል፤ ቀዳዳ ግን በየሳምንቱ ይገኛል። የተፈተነውን ስሪት ብቻ ልጠቀም ያለ ሰው ቀዳዳው ለዓለም ሁሉ የታወጀ ኬላ ይዞ ይቀመጣል። አዲሱን የጫነ ሰው ደግሞ የያዘው ምስክር ወረቀት ቃል በቃል ስለ እሱ ዕቃ አይናገርም። አምራቾች ለውጡ ቀላል መሆኑን አስረድተው ምስክር ወረቀቱ ለአዲሱ ስሪት እንዲራዘም መጠየቅ ይችላሉ፤ ያም ጊዜ ይወስዳል። የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፤ የታወቀ ቀዳዳ ካለ ይደፈን። ግን በድብቅ አይሁን። ልዩነቱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ሻጩም ምስክር ወረቀቱ ለአዲሱ ስሪት መራዘሙን ወይም በሂደት ላይ መሆኑን የሚያሳይ የአምራቹን ደብዳቤ ያምጣ። ሻጩ ደብዳቤውን ለማምጣት አንድ ሳምንት ጠየቀ፤ ሰጠነው።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። እስክሪብቶ ከመነሳቱ በፊት ግን የራሴን አንድ ጥርስ ማየት ፈለግኩ። አንድ ላፕቶፕ ከውጭ በኩል፣ አንድ ከውስጥ በኩል አያያዝኩና ከውጭው ሳያቋርጥ ጥቅል እንዲልክ አደረግኩ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ልነቅል ጎንበስ ስል ሰብሳቢው «ምን ልታደርግ ነው?» አሉ።

«መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ኬላው ክፍት መሆን አለመሆኑን ላይ።»

«ታዲያ ምን አስነቀለህ? ትንሽ ብትጠብቅ ራሱ ይጠፋልሃል።»

ሳቅንና ነቀልኩት። መልሼ ሰካሁት። ማራገቢያው ጮኸ፣ የራስ ፍተሻው መስመሮች በስክሪኑ ላይ ወረዱ፣ አምፖሉ ለረጅም ጊዜ ብርቱካናማ ሆኖ ቆየ፣ ከዚያም አረንጓዴ ሆነ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የውስጠኛውን ላፕቶፕ አጎንብሰው ያዩ ነበር።

«አለፈ?»

«አንድም አላለፈም።»

የዕቃ መረከቢያ ቅጹን፣ ሞዴል 19ን፣ ወደ ራሳቸው ሳቡና፣ በዕቃው መግለጫ ረድፍ ላይ የስሪቱን የመጨረሻ ቁጥር 9 ብለው ጎላ አድርገው ጽፈው ፈረሙ።